የወንድሜ ዲግሪና የእኔ ባጃጅ

«አንችማ ምን አለብሽ! አሥራ ሁለተኛን ወድቀሽ ከዕዳ ዳንሽ።»

ይህን ያለኝ ታላቅ ወንድሜ ሳሙኤል ነው። ከኋላዬ አላማኝም፤ ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ። እናታችን ቤት መደቡ ላይ ተደላድሎ፣ ጌሾውንም ብቅሉንም እኔ የገዛሁትን ጠላ በእጁ ይዞ። ሲናገር ፈገግ ብሏል፤ የሚያስቅ ነገር የተናገረ መስሎታል። አጎታችን አያ ታከለም ሳቁለት። በእኛ ቤት የተማረ ሰው ቀልዶ ያልሳቀ ሰው እንዳልገባው ይቆጠራል።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባችሁ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጁ የሰው ነበር። ጠዋት ተረክቤ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አራዳ ስል እውልና ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢውን አስረክባለሁ። ከገቢ የተረፈው የእኔ ነው። ነዳጅ የጠፋ ጊዜ የሚተርፈኝ የጀርባ ሕመም ብቻ ነው። «ሴት ናት እንዴ የምትነዳው?» ብሎ ከገባ በኋላ ልውረድ የሚል ተሳፋሪ ነበረኝ። አወርደዋለሁ። ዝናብ ከሆነም እዚያው ዝናቡ ላይ አወርደዋለሁ።

አባታችን ነፍሱን ይማረውና ደብተራ ነበር። ዕድሜውን በሰፈራችን ደብር ማኅሌት ቆሞ የጨረሰ ሰው ነው። ስለዚህ ለዘመዶቻችን እኔ «የደብተራ ልጅ ሆና ባጃጅ የምትነዳዋ» ነኝ፤ ስሜ ሰናይት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሳሚ ደግሞ «ዲግሪው» ነው። እናቴ ሳትቀር፣ «ዲግሪው በላ? ዲግሪው ተነሳ?» እያለች ነው የምትጠይቀው።

ዲግሪው የተመረቀ ጊዜ የተደገሰውን ድግስ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ድንኳን ተተከለ። አያ ታከለ ከጠዳ በሬ እያስነዱ መጡ፤ የበሬውን ግማሽ ዋጋ ቀስ እያልኩ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ሳሚ በጋዋን የተነሳው ፎቶ ግድግዳ በሚያክል ባነር ታትሞ በራችን ላይ ተሰቀለ። ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ድስት እያጠብኩ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ይኸ ሁሉ የወጣው ኮስት ሼሪንጉን አይከፍልለትም ነበር ወይ?»

ኮስት ሼሪንግ ማለት፣ ለማያውቅ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ከበላው፣ ከተኛውና ከተማረው ወጪ ድርሻውን በኋላ ሠርቶ ሊመልስ የሚፈርምበት ዕዳ ነው። እስኪመልስ ድረስ ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም። ጊዜያዊ የምትባል ወረቀት ይዞ ነው የሚወጣው።

«ሰው ምን ይለናል?» አለች እናቴ። «ልጅ ሲመረቅ በሬ ይታረድለታል እንጅ ዕዳ ይከፈልለታል?»

በሬው ታረደ። ሰፈሩ በላው። ዕዳውን ግን የበላው የለም፤ እንዳለ ቁጭ ብሎ ቀረ። ባነሩ በኋላ የእናቴን የዶሮ ቤት ዝናብ እንዳያስገባ ጣሪያው ላይ ተዘረጋ። ገልብጠው ስላሰሩት ሳሚ በጋዋኑ ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው። «እንኳን ደስ አለህ» የሚለውም እንዲሁ ተዘቅዝቋል።

ከተመረቀ በኋላ ደጋ አስተማሪ ሆኖ ተመደበ፤ ከደባርቅ ወዲያ፣ ከመኪና ተወርዶ ገና ብዙ በእግር የሚኬድበት አገር። ስለ ዕዳው ያስረዳን እሱ ራሱ ነው። «የተማርኩበትን ዘመን ያህል ካስተማርኩ በአገልግሎቴ ይታሰብልኛል። ሳንቲም አልከፍልም» አለን። ሸጋ ነገር ነው አልን። ብርድ ልብስ ገዛሁለት። ለጭቃው ቦት ጫማ ገዛሁለት። እናቴ አልቅሳ ሸኘችው።

ጥምቀት ሳይደርስ ተመለሰ። «መንገዱ ተዘጋ። ትምህርት ቤቱም ተዘጋና በሉ ወደየቤታችሁ ሂዱ አሉን» አለ። መንገድ መዘጋት በእኛ አገር አዲስ ወሬ ስላልሆነ ማንም መልሶ አልጠየቀውም። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሳሚ በጭነት መኪና አስጭኖ የመጣው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ድንችና ሌላ ማዳበሪያ ገብስ ነበር። መንገድ ተዘጋበት የተባለ ሰው፣ በድንገት ሂድ የተባለ ሰው፣ ድንች ጭኖ ይመጣል?

«ሕዝቡ ስለሚወደኝ ነው» አለ።

እናቴ ያን ድንች እየቀቀለች፣ ያን ገብስ በሶ እያደረገች ብዙ ሰነበተች። ባነሳችው ቁጥር ትመርቃቸዋለች። «ምን ዓይነት ደጋግ ሰዎች ናቸው! ሳያውቁን እንዲህ ያሰቡልን። እድሜ ይስጣቸው» ትላለች። እኔም በልቻለሁ። የደጋ ድንች ይጣፍጣል።

ከዚያ ወዲህ ሳሚ ቤት ተቀመጠ። ሥራ የለም ይላል። በዚህ አልፈርድበትም፤ እውነትም የለም። ስንቱን ምሩቅ በባጃጄ አመላልሻለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሊያዩ ሄደው ሲመለሱ ፊታቸውን በስፖኪዮ አየዋለሁ። ከአንዳንዱ ሒሳብ አልቀበልም። ድንጋይ የተቀላቀለበትን የካፌ ምስር ሳይቀር ዕዳ አድርጎ የተሸከመ ልጅ፣ ወረቀቱ ተቆልፎበት፣ ያለ ወረቀቱ የሚቀጥረው አጥቶ ሲንከራተት ማየት ልብ ይበላል። ዕዳው ቀላል ነው ያለኝ ሰው ካለ እኔው እጣላዋለሁ።

አሁን ወደዚያች እሑድ ልምጣ።

ቅዳሜ እቁቤ ወጣልኝ። ስንት ወር ሙሉ የጠበቅሁት እጣ ነው። የባጃጁ ባለቤት ከተማ ሊቀይር ስለነበር፣ «ቅድሚያ ክፍያውን ሰኞ ጠዋት ካመጣሽ ባጃጁን ላንች፤ የቀረውን እየሠራሽ ትከፍያለሽ። ካላመጣሽ ሌላ ገዥ ቆሟል» ብሎኝ ነበር። እቁቡ ልክ ቅድሚያውን ይሞላል። ደስታዬን የት ላድርሰው? ቅዳሜ ማታ ለእናቴ ደወልኩና የምሥራች አልኳት። እልል አለች። እልልታዋ ግን አጠር አለብኝ።

እሑድ ከሰዓት እሷ ደወለች።

«መምሬ ጥላዬ ቤቱን ጸበል ሊረጩልን ነው። ነይና ተባረኪ። ባጃጁንም ይዘሽ ነይ፤ ይረጩልሻል።»

መምሬ ጥላዬ የንስሐ አባታችን ናቸው። አባታችን ሳይሞት ጀምሮ የቤታችንን ኃጢአትም ጠላም የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ባጃጁን አጥቤ ሄድኩ። ስገባ ጸበል የሚባል ነገር የለም። መምሬ ከፍ ካለው ወንበር ላይ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል። አያ ታከለ ከጠዳ ድረስ መጥተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው በጎናቸው ተቀምጠዋል። ሳሚ መደቡ ላይ ነው። እናቴ መሐል ወለሉ ላይ በርጩማ አስቀምጣልኛለች። ማን እንደሚዳኝ ከአቀማመጡ ገባኝ።

«ጸበሉስ?» አልኩ።

«ቁጭ በይ መጀመሪያ» አሉ አያ ታከለ። «ለጸበሉ እንደርሳለን።»

ቁልፌን መደቡ ጫፍ ላይ ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ። እናቴ ጠላ ሰጠችኝ፤ አልጠጣሁትም። አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ አባታችን ደግነት ተናገሩ። ስለ ወንድምና እህት ፍቅር ተናገሩ። ሚስት ሲጠይቁ እንኳ ይህን ያህል ዙሪያውን አይዞሩም።

«አያ፣ ነገሩን ይንገሩኝ» አልኩ።

«ሳሙኤል አዲስ አበባ ሥራ አግኝቷል» አሉ። «ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው። ነገር ግን ዋናውን ዲግሪ አምጣ አሉት። በዚህ ሳምንት ካላመጣ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። ዲግሪው ደግሞ ዕዳው ካልተከፈለ አይወጣም። እግዚአብሔር ሲፈቅድ ያንችም እቁብ በዚሁ ሰሞን ወጣ።»

«እግዚአብሔር ነው ያወጣልኝ ወይስ እኔ የጣልኩት?»

«አንች ልጅ!» አለች እናቴ።

ወደ ሳሚ ዞርኩ። «ሥራ ካገኘህ ከደመወዝህ በየወሩ አስቆርጠህ አትከፍልም?»

«ካስቆረጥኩማ አዲስ አበባ ላይ በምን ልኖር ነው? የቤት ኪራይ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ብሰጥህ መቼ ትመልስልኛለህ?»

ይኼኔ ነው ያን ነገር ያለኝ። ጠላውን ጎንጨት አለና፣ «አንችማ ምን አለብሽ! አሥራ ሁለተኛን ወድቀሽ ከዕዳ ዳንሽ» አለ። አያ ታከለ ሳቁ። መምሬ አልሳቁም፤ መስቀላቸውን ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው አዛወሩ።

«መመለስ የሚባል ነገር በወንድምና በእህት መሐል ምን አመጣው?» አሉ አያ ታከለ ሳቃቸውን ሲጨርሱ። «እሱ ሰው ሲሆን አንችም ሰው ትሆኛለሽ። ባጃጁ የትም አይሄድ።»

«ባጃጁ ነገ ይሄዳል አያ። ገዥ ቆሟል።»

«ሌላ ትነጃለሽ። መንዳት እንደሆነ ዕድሜ ልክሽን ትነጃለሽ። የእሱ ዕድል ግን አንድ ጊዜ ናት።»

«የኔስ ዕድል ስንት ጊዜ ናት?»

ጥያቄው መልስ የሚያስፈልገው መሆኑም የታያቸው አልመሰለኝም። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ስታለቅስ እንደዚያ ነው የምታደርገው፤ ሳታለቅስም እንደዚያ ታደርጋለች።

«በአባትሽ አጥንት» አለች። «እኔ ሞቼ ከመቀበሬ በፊት አንዱን ልጄን እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልየው።»

«እኔም እኮ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ እማዬ። ጎማ ስላለው ነው ያልቆጠርሽው?»

አያ ታከለ ትዕግሥታቸው አለቀ። ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ «መምሬ፣ ይኸች ልጅ በምክር አትመለስም። ይገዝቷት!» አሉ።

ግዝት ምን እንደሆነ ጎንደር ተወልዶ የማያውቅ የለም። ቄስ መስቀል አንስቶ በሥላሴ ስም ገዝቼሻለሁ ካለ፣ ያን ቃል ጥሶ ማለፍ አይደለም ማሰብም ያስፈራል። በእኛ ሰፈር ለወሰን ጠብ ይገዘታል፣ ለደም ጠብ ይገዘታል። ለኮስት ሼሪንግ ሲገዘት ግን ያን ቀን ልሰማ ነበር። እኔም የደብተራ ልጅ ነኝ፤ ባጃጅ መንዳቴ ፈሪሃ እግዚአብሔሬን አልወሰደብኝም። መምሬ አንዴ አፋቸውን ከከፈቱ ባጃጁ እንዳለቀለት አወቅሁ።

ድንቹ ትዝ ያለኝ በዚያች ቅጽበት ነው።

«ይገዝቱኝ» አልኩ። «ግን መምሬ፣ መጀመሪያ ሳሚን ይገዝቱልኝ። ከዚያ ደጋ ለምን እንደመጣ እውነቱን ይናገር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ከሆነ፣ አገልግሎቱ የቀረው በእሱ ጥፋት አይደለም ማለት ነው፤ እኔም ገንዘቡን አሁን ሄጄ አመጣለሁ። ያለ ግዝት አመጣለሁ።»

ሳሚ ከት ብሎ ሳቀ። «ነግሬሻለሁ እኮ! መንገድ ተዘጋ። ምን መገዘት ያስፈልጋል? በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን!»

«እኔን ለመገዘት ክፍለ ዘመኑ ደርሶ፣ ላንተ ሲሆን አለፈበት?»

«ግዝት ጨዋታ አይደለም ልጄ» አሉኝ መምሬ።

«አውቃለሁ አባቴ። ጨዋታ ቢሆን አልፈራውም ነበር።»

ውጭ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ። መምሬ መስቀላቸውን አነሱና እኔን ሳይሆን አያ ታከለን አዩ። «እሷ ከምትገዘት እሱም ይገዘት። ፍርድ ለአንድ ወገን አይቆምም» አሉ። ወደ ሳሚ ዞሩ። «ሳሙኤል፣ ዲያቆን ነበርክ፤ ታውቀዋለህ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ እውነቱን ሳታጎድል ትናገር ዘንድ ገዝቼሃለሁ።»

የሳሚ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ጠላውን መሬት አስቀመጠ። መስቀሉን አየ፣ እናታችንን አየ፣ በሩን አየ። ልጅ ሆኖ መቅደስ ውስጥ ጧፍ የያዘ ሰው ስንት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቢኖር ያ ፍርሃት አይለቀውም።

«ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም» አለ።

«መንገዱስ?» አሉ መምሬ።

«መንገዱም።»

«ታዲያ ምነው ጥለህ መጣህ?»

«ብርዱ አይቻልም መምሬ! ሌሊት ጀሪካን ውስጥ ያለ ውኃ በረዶ ይሠራል። ቁንጫው አያስተኛ። ኔትወርክ የለ፣ መብራት የለ። እኔ ለዚህ ነው የተማርኩት? ጓደኞቼ ከተማ ለከተማ ሲዘዋወሩ እኔ ጭቃ ላይ ሒሳብ ላስተምር?»

«ርእሰ መምህሩ ፈቀደልህ?»

«አልፈቀደም። ሌላ የሒሳብ አስተማሪ የለንም አለ። ወላጆቹ ተሰብስበው መጥተው ለመኑኝ። በየተራ ወተት ያመጡልኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ብለሃቸው ለቀቁህ?» አልኩ እኔ።

መምሬ መስቀሉን ዝቅ አላደረጉም።

«እናቴ ሞተች አልኳቸው።»

አያ ታከለ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«የማን እናት?» አለች።

ሳሚ መሬት መሬት ያያል። እኔ ደግሞ ማዳበሪያውን ነው የማየው። በማእዘኑ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ እናቴ ጥሩ ማዳበሪያ አትጥልም።

«ድንቹስ?» አልኩት። «ገብሱስ?»

«እዝን ነው» አለ፣ ድምፁ ሳይወጣ። «አዝነው ነው። ለለቅሶው ብለው ከየቤታቸው አዋጡልኝ።»

እዝን! ለሐዘንተኛ ቤት የሚወሰድ እህል። እናቴ የገዛ እዝኗን እየቀቀለች፣ እየላጠች፣ እያጎረሰችን ከርማለች። የላኩላትን ሰዎች በየማዕዱ እየመረቀች። እኔም የቁም እናቴን እዝን በሚጥሚጣ እየነካሁ በልቻለሁ።

«ፍትሐትስ?» አሉ መምሬ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ፍትሐት አድርገውላታል?»

«የደብራቸው ቄስ ስመ ክርስትናዋን ጠየቁኝ።»

«ነገርካቸው?»

«ምን ልበል? ነገርኳቸው።»

እናቴ ጮኸች። መሞቷን ስትሰማ ያልጮኸችው፣ ስመ ክርስትናዋ ከሙታን ጋር መጠራቱን ስትሰማ ጮኸች። ደረቷን መታች። «ስሜን! ስሜን ለሙታን ሰጠኸው?» እያለች ወለሉ ላይ ተንበረከከች። መምሬ አማትበው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። አያ ታከለ «በስመ አብ» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ሳሚ አለቀሰ። አዎ፣ እሱ ነው ያለቀሰው፤ ሐዘንተኛው እሱ ነው እንግዲህ።

ተነስቼ እናቴን አቅፌ መደቡ ላይ አስቀመጥኳት። ውኃ ሰጠኋት። በቃ ጉዳዩ አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ከዚህ በኋላ ማን አፉን ሞልቶ ለዚህ ልጅ ገንዘብ ስጭ ይለኛል?

አላወቅኋቸውም ነበር።

እናቴ ውኃውን ጠጣች። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ሳሚን አየችው፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነው። እጇን ዘርግታ ራሱን ዳሰሰችው።

«ይሁን» አለች። «ያው ልጅ ነው። ብርድ ነው ያናገረው። እኔም ይኸው አልሞትኩም፤ እንዲያውም ዕድሜ ይሆነኛል። መምሬ ጸሎት ያደርጉልኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አሁን ያለፈው አለፈ። እውነቱን ተናገረ፣ ተጸጸተ። አንች ገንዘቡን ስጭውና ሥራው ሳያመልጠው ይሂድልኝ።»

«እማዬ፣ ገድሎሽ እኮ ነው የመጣው!»

«እኔን አይደል የገደለው? እኔ ይቅር ብያለሁ። አንችን ምን አገባሽ?»

አያ ታከለም ከጋቢያቸው ብቅ አሉ። «እሱ ግዝቱን አክብሮ እውነቱን ተናግሯል» አሉ። «አሁን ተራው የሷ ነው። መምሬ፣ ይገዝቷት።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እዚህ ላይ አንዴ ላቁማችሁ። ያን ቀን ከተናደድኩበት ሁሉ የባሰው የሳሚ ውሸት አልነበረም። ሰው ሲበርደው ይዋሻል። የባሰብኝ፣ እውነቱ ወጥቶ መሐል ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ምንም አለመለወጡ ነው። ዕዳው እንዳለ ከሳሚ ትከሻ ወርዶ ወደ እኔ ሲንፏቀቅ በዓይኔ አየሁት። የፈረመው እሱ ነው። በልቶ የተማረው እሱ ነው። ሳንቲም ሳይከፍል የሚገላገልበትን መንገድ ብርድ ነው ብሎ ጥሎት የመጣው እሱ ነው። ከፋይዋ ግን እኔ ነኝ፤ ለምን? ስለወደቅሁ። በእነሱ ቤት ፈተና የወደቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ላለፉት ይከፍላል።

እስከዚያች እሑድ ድረስ እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። በሬውንም፣ ቦት ጫማውንም፣ ብርድ ልብሱንም ስገዛ ደግ ስለሆንኩ አልነበረም፤ አፍሬ ነው። ውጤቴ የተለጠፈ ቀን ያጎነበስኩት አንገት ገና አልተቃናም ነበር። ሳሚ ትልቅ ሰው ነው፣ እኔ ትንሽ ነኝ፣ ትንሽ ለትልቅ ይሸከማል ብዬ። ያን ቀን አየሁት ትልቁን። ሳትሞት የተለቀሰላትን የእናቱን እዝን ሲበላ የከረመውን ትልቅ።

አሁን ምሩቅ ሲሳፈር ከድሮው ይልቅ አዝናለሁ፣ ከድሮው ይልቅም እጠይቃለሁ። ዕዳህን ማን እየከፈለልህ ነው እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ፣ «ደመወዜ ላይ ይቆርጡብኛል፣ ያማል፣ ግን እያለቀ ነው» ይላል፤ ለእንዲህ ያለው ባርኔጣዬን ባወልቅ ደስ ይለኛል፣ ባርኔጣ ስለሌለኝ መንገዱን በደንብ አሳምሬ እነዳለታለሁ። አንዳንዱ ደግሞ፣ «አባቴ መሬቱን አከራየልኝ፣ እህቴ ከአረብ አገር ላከችልኝ» ሲል ኩራት አለው፤ የሚያወራው ስለ ራሱ ጉብዝና ነው የሚመስለው። እህትየዋ ስሟ ማን ነው ብላችሁ ጠይቁልኝ እንዲህ ያለውን። ቤታችሁ ውስጥም እንዲህ ያለች ካለች፣ ባነር አሳትሙላት አልልም። የዶሮ ቤት ክዳን ነው የሚሆነው። ቁልፏን ብቻ ተዉላት።

እዚያ ደጋ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ የሌላቸው ልጆች አሉ። ስለእነሱ በእናቴ ቤት ያን ቀን አንድም ሰው አላነሳም። ወተት ያመጡት ወላጆች ልጆቻቸውን ዛሬ ማን እያስተማረላቸው እንደሆነ አላውቅም። ሳሚም አያውቅም።

መምሬ ጥላዬ መስቀላቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። አየኋቸው፤ የደከማቸው ሽማግሌ ናቸው። እናቴ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ጫማቸውን ይዛለች። «ይገዝቱልኝ አባቴ። በቁሜ ሙት የተባልኩ ምስኪን ነኝ፤ እሷም ልትገድለኝ ነው፤ ይገዝቱልኝ» ትላለች። አያ ታከለ ቆመዋል። ሳሚ እንባውን ጠርጎ ወደ እኔ አየ። በዓይኑ ውስጥ ጸጸት ፈለግሁ። የቸኮለ ሰው ዓይን ነበር።

የመምሬ እጅ ተንቀሳቀሰ። መስቀሉ ከጭናቸው ትንሽ ከፍ አለ።

ቁልፌን ከመደቡ ጫፍ አነሳሁ። ያልጠጣሁትን ጠላ ወደ ሳሚ ገፋ አደረግሁለት።

«ሰናይት!» አለች እናቴ። «መምሬ ሳይናገሩ እንዳትወጭ!»

ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ዝናቡ ጀምሯል። ሳሚ በጋዋኑ ዶሮዎቹ ላይ ተዘቅዝቋል። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁት፤ አስነስቼም ጋዙን ሰጠሁት፣ ከቤት የሚወጣ ቃል ጆሮዬ እንዳይደርስ ግቢው በጩኸት እስኪሞላ። አያ ታከለ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው እየሮጡ ከበሩ ወጡ።

«ኧረ ቁሚ! መምሬንስ ማን ያደርሳቸዋል?»

ማርሽ አስገባሁና ወደ ፒያሳ ቁልቁል ሄድኩ።